ዶክተር ዊሊ እና የታሸገ ምግብ ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ

የደም ግፊት ክትትል ላይ ያለን ሰው ስለ ዕለት ምግቡ ስጠይቅ አሁን አሁን ደጋግሜ የምሰማው መልስ አለ። ምሳውን ከሱፐርማርኬት በሚገዛው፣ በፕላስቲክ በተጠቀለለ ሳንዱች ያሳልፋል። ውስጡ ምን እንዳለ ስጠይቀው ዳቦ፣ ሞርታዴላና ቺዝ መሆኑን ይነግረኛል። ከዚያ አልፎ ግን አያውቅም። ሥጋው ሮዝ መልኩን ሳይለቅ ለምን እንደሚቆይ፣ ዳቦው ለምን ቶሎ እንደማይደርቅ፣ በአንዱ ሳንዱች ውስጥ ምን ያህል ጨው እንዳለ አስቦት አያውቅም። ማሸጊያው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ ስል ብዙዎች ፈገግ ብለው ያልፉኛል።

ያ ጽሑፍ ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የምንበላው ነገር ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለን ብለው ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰዎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ አሜሪካዊው ሐኪምና የኬሚስትሪ ሊቅ ዶክተር ሃርቪ ዋሽንግተን ዊሊ ናቸው። የእርሳቸውን ሕይወት ማወቅ የዛሬውን የታሸገ ሳንዱች በሌላ ዓይን እንድናይ ይረዳናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊሊ በ1844 በኢንዲያና ግዛት ኬንት በምትባል ትንሽ መንደር አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጨረሻ አካባቢ ለጥቂት ወራት በወታደርነት አገለገሉ። ከዚያ ወደ ትምህርታቸው ተመልሰው በ1867 ከሃኖቨር ኮሌጅ፣ በ1871 ደግሞ ከኢንዲያና የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። ሐኪም ይሁኑ እንጂ ልባቸው ያዘነበለው ወደ ኬሚስትሪ ነበር። በሃርቫርድ ተጨማሪ ትምህርት ተከታትለው በ1874 ገና አዲስ የተከፈተው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። ጨዋታ ወዳድና ቀልደኛ ሰው ነበሩ። ለአንድ ፕሮፌሰር አይገባም እየተባሉ ብስክሌት ይጋልቡ፣ ከተማሪዎቻቸውም ጋር ኳስ ይጫወቱ ነበር።

አቅጣጫቸውን የለወጠው በ1878 ወደ ጀርመን ያደረጉት ጉዞ ነው። እዚያ የስኳርን ዓይነትና መጠን በመሣሪያ መለየትን ተማሩ። ሲመለሱ የኢንዲያና የጤና ቦርድ በገበያ ላይ ያለውን ስኳርና ሽሮፕ እንዲመረምሩ ጠየቃቸው። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። በሸንኮራ አገዳ ስም ከሚሸጠው ሽሮፕ ብዙው ከበቆሎ በተሠራ ግሉኮስ የተቀየጠ ሆኖ ተገኘ። በ1881 ይህንን በጽሑፍ አወጡ። ግሉኮሱ መርዝ ነው አላሉም። ያስቆጣቸው ገዢው የከፈለበትንና የሚበላውን ነገር አለማወቁ ነው። ይህ ሐሳብ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም።

በ1883 ዋሽንግተን ተጠርተው የግብርና ሚኒስቴር ዋና ኬሚስት ሆኑ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ከተሞች እየሰፉ፣ ምግብ ከእርሻው ርቆ በባቡር እየተጓጓዘ ነበር። ሩቅ የሚሄድ ምግብ ይበላሻል። ነጋዴው ኪሳራውን ለማስቀረት ያገኘውን ኬሚካል ይጨምር ነበር። ወተት እንዳይኮመጥጥ አስከሬን ለማቆየት የሚያገለግለው ፎርማሊን ይገባበታል። ሥጋና ቅቤ ላይ ዛሬ ልብስ ለማጠብ የምናውቀው ቦራክስ ይነሰነሳል። የታሸገ አተር አረንጓዴ መስሎ እንዲቆይ የመዳብ ጨው ይጨመርበታል። ዊሊና ባልደረቦቻቸው ከ1887 ጀምሮ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ ቅመሙን፣ ቡናውን፣ የታሸገውን አትክልት እየመረመሩ ተከታታይ ሪፖርት አወጡ። ሕግ ግን አልወጣም። ረቂቅ በረቂቅ ላይ ለምክር ቤቱ ቢቀርብም ከአምራቾች በሚመጣ ግፊት እየወደቀ ዓመታት አለፉ።

የአምራቾቹ መከራከሪያ ዛሬም የምንሰማው ነው። የሚጨመረው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማንንም አይጎዳም ይሉ ነበር። ዊሊ ደግሞ ጥያቄው የአንድ ቀን መጠን አይደለም ባይ ናቸው። አንድ ሰው ጥቂቱን በቁርሱ፣ ጥቂቱን በምሳው፣ ጥቂቱን በእራቱ፣ በየቀኑ ለዓመታት ሲወስድ ምን ይሆናል? ለዚህ በሰው ላይ የታየ ማስረጃ በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ በ1902 ምክር ቤቱን 5 ሺህ ዶላር አስፈቅደው በታሪክ የታወቁበትን ሙከራ ጀመሩ።

በመሥሪያ ቤታቸው ምድር ቤት ወጥ ቤትና የመመገቢያ ክፍል አዘጋጁ። 12 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃደኝነት ቀረቡ። ወጣቶቹ በቀን ሦስት ጊዜ እዚያ ብቻ ሊበሉ፣ ከዚያ ውጪ ምንም ላይቀምሱ ቃል ገቡ። ምግቡ በነፃ ነበር። ከመብላታቸው በፊት ይመዘናሉ፣ የሰውነት ሙቀታቸውና የልብ ምታቸው ይለካል፣ ሽንትና ዓይነ ምድራቸው ተጠራቅሞ ይመረመራል። በመጀመሪያ ንጹሕ ምግብ ይሰጣቸውና ሰውነታቸው ይጠናል። ቀጥሎ አንድ ማቆያ ኬሚካል ይጨመርበታል። በመጨረሻም ወደ ንጹሕ ምግብ ይመለሳሉ።

የመጀመሪያው ተረኛ ቦራክስ ሆነ። በቅቤው ውስጥ ሲደበቅ ወጣቶቹ ጠርጥረው ቅቤውን መተው ጀመሩ። ወደ ወተቱ፣ ወደ ሥጋው፣ ወደ ቡናው ቢዛወርም ያው ሆነ። በመጨረሻ ሁሉንም ግልጽ አድርገው በካፕሱል ይውጡት ጀመር። ቀናት ሲያልፉ የምግብ ፍላጎታቸው ቀነሰ፣ ራሳቸውን ያማቸው፣ ሆዳቸውንም ይቆርጣቸው ጀመር። ከቦራክስ በኋላ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሰልፋይት፣ ቤንዞይክ አሲድና ፎርማሊን በየተራ ቀረቡ። ባሩድ ለመሥራትም የሚያገለግለው ፖታሲየም ናይትሬት ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ጋዜጦች ነገሩን ሰምተው ወጣቶቹን የመርዝ ጓድ የሚል ስም አወጡላቸው። ዘፈን ተዘፈነላቸው፣ ቀልድ ተቀለደባቸው። ቀልዱ ግን ሥራ ሠራ። የኬሚስትሪ ሪፖርት አንብቦ የማያውቅ ሕዝብ እራት ላይ ተቀምጦ ስለ ሥጋውና ስለ ቅቤው ይጠይቅ ጀመር።

እንደ ሐኪም ይህን ሙከራ ያለ ነቀፋ አላልፈውም። ዛሬ ጎጂ መሆኑ የተጠረጠረን ነገር ለጤነኛ ወጣት በዚያ መልክ መስጠት በየትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቀድም። በጎናቸው ንጹሕ ምግብ ብቻ የሚበላ ሌላ ቡድን ስላልነበረም ከምልክቶቹ የትኛው ከኬሚካሉ፣ የትኛው ከፍርሃት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ያም ሆኖ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ሳይታወቅ ለሚሊዮኖች ይሸጥ የነበረው ያው ኬሚካል መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ዊሊ ብቻቸውን አልታገሉም። በየከተማው የተደራጁ የሴቶች ማኅበራት ከጎናቸው ቆሙ፤ ለልጆቻቸው የሚገዙት ወተት ጉዳይ ነበርና። በ1906 መጀመሪያ ደራሲው አፕተን ሲንክሌር በቺካጎ የሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች ያለውን ቆሻሻ የሚያሳይ ልብ ወለድ ሲያሳትም የሕዝቡ ቁጣ ገነፈለ። ሰኔ 30 ቀን 1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የንጹሕ ምግብና መድኃኒት ሕግን ከሥጋ ምርመራ ሕግ ጋር ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ በሐሰተኛ ስም መሸጥና ጤናን የሚጎዳ ነገር መቀላቀል በአገሪቱ ሕግ የሚያስጠይቅ ሆነ። ሕዝቡ ሕጉን የዊሊ ሕግ እያለ ይጠራው ጀመር።

ከድሉ በኋላ ያለው ዘመናቸው ግን መራራ ነው። ሕጉን የማስፈጸም ሥራ ሲጀምሩ ትላልቅ አምራቾች ጋር ተጋጩ። አንድ ቀን በፕሬዚዳንቱ ፊት በታሸገ በቆሎ ላይ በስኳር ፈንታ የሚጨመረው ሳካሪን ለጤና ጎጂ ነው ብለው ጣልቃ ገቡ። ሩዝቬልት ደግሞ በሐኪማቸው ምክር ሳካሪን በየቀኑ የሚወስዱ ሰው ስለነበሩ ክፉኛ ተቆጡ። ብዙም ሳይቆይ የዊሊን ውሳኔዎች የሚገመግም የሳይንቲስቶች ቦርድ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አይራ ሬምሰን ሳካሪን በተገኘበት ምርምር ስማቸው ያለ ሰው ነበሩ። ቦርዱ ቤንዞይክ አሲድ በጥቂት መጠን እንዲፈቀድ አደረገ። በ1911 ደግሞ ዊሊ በኮካ ኮላ ውስጥ ያለው ካፌይን ጎጂ ነው በሚል የተከፈተው ክስ ቻተኑጋ ከተማ ላይ ተሰምቶ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ወደቀ። በዚያው ዓመት ከአንድ ባለሙያ ክፍያ ጋር በተያያዘ ተከሰው ከሥራ ሊባረሩ ሲሉ ፕሬዚዳንት ታፍት ነፃ አሏቸው። ድካሙ ግን በዝቶባቸው ነበር። ከ29 ዓመት አገልግሎት በኋላ በመጋቢት 1912 ሥራቸውን ለቀቁ።

ከዚያ የያዙት ሥራ ለዚህ ዓምድ አንባቢ ቅርብ ነው። ጉድ ሃውስኪፒንግ በተባለ የቤት እመቤቶች መጽሔት የምግብና የጤና ዓምድ ያዙ። በመጽሔቱ ቤተ ሙከራ ምርቶችን እያስመረመሩ ውጤቱን ለቤት እመቤቶች ያስረዱ ነበር። በ66 ዓመታቸው ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች ወለዱ። በ1929 ሕጉ በአስፈጻሚዎቹ እንዴት እንደተሸረሸረ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተሙ። ሕጉ በተፈረመ በ24ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ሰኔ 30 ቀን 1930 ዋሽንግተን ውስጥ በ85 ዓመታቸው አረፉ። እርሳቸው ሲመሩት የነበረው የኬሚስትሪ ቢሮ እያደገ ዛሬ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሆኗል። የ1906ቱ ሕግ አምራቹ የምግቡን ግብዓቶች በሙሉ እንዲዘረዝር አላስገደደም ነበር። ያ የመጣው በ1938 ሕግ፣ የሶዲየምና የስኳር መጠንን የማስፈር ግዴታ ደግሞ በ1990 ሕግ ነው። መሠረቱ ግን በዊሊ ዘመን ተጣለ።

ዊሊ በሁሉም ትክክል ነበሩ ማለት አይደለም። ሳካሪንና ቤንዞይክ አሲድ ዛሬም በተወሰነ መጠን ይፈቀዳሉ። በሌላ በኩል ቦራክስና ፎርማሊን በአሜሪካ ከምግብ ማቆያነት ወጥተዋል። ሰልፋይት ደግሞ አስም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳትና ሞት በማድረሱ በ1986 በጥሬ በሚበላ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ እንዳይረጭ በዚያው አገር ተከልክሏል። የዊሊ ዋጋ ያለው ትምህርት የትኛው ኬሚካል ክፉ ነው የሚለው ዝርዝር አይደለም። ጥቂት የሆነ ነገር በየቀኑ ሲደጋገም ጥቂት መሆኑ ይቀራል የሚለው ነው። የታሸገውን ሳንዱች በዚህ መለኪያ እንክፈተው።

ከሥጋው እንጀምር። ሞርታዴላ፣ ሃም፣ ሳላሚና ሶሴጅ መልካቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከናይትራይት ነው። ማሸጊያው ላይ ሶዲየም ናይትራይት ወይም ኢ 250 ተብሎ ይጻፋል። በዊሊ ጠረጴዛ የቀረበው ፖታሲየም ናይትሬት ደግሞ ዛሬ ኢ 252 ይባላል። ናይትራይት ጥቅም አለው፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ይገታል። ነገር ግን በሆዳችን ውስጥ ከፕሮቲን ክፍሎች ጋር ተዋሕዶ ለካንሰር የሚያጋልጡ ውህዶች ሊፈጥር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰር ተጋላጭነትን በ18 በመቶ ያህል እንደሚጨምርም ገምቷል። ይህ ማለት አንድ ሳንዱች የበላ ሰው ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም። ሲጋራ በዚያው ተራ ቢመደብም የሁለቱ አደጋ እኩል ነው ማለትም አይደለም። ቁልፉ ቃል በየቀኑ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። በሳንዱች ውስጥ ዳቦው የራሱ ጨው አለው፣ ሥጋው የራሱ፣ ቺዙ የራሱ፣ ማዮኔዙና ሰናፍጩም የራሳቸው። አንዱም ብቻውን ጨው ጨው ስለማይል ምላሳችን አይቆጥረውም። ደም ሥራችን ግን ይቆጥረዋል። የደም ግፊት መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚወስድ ሰው ግፊቱ አልወርድ ሲል ከምጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሦስተኛው አጠቃላይ የምግቡ ባሕርይ ነው። የተጣራ ነጭ ዱቄት ዳቦ የአሰር መጠኑ ዝቅተኛ ስለሆነ ሳይታኘክ ቶሎ ይዋጣል፣ ቶሎም ያስርባል። በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት የዊሊን ጠረጴዛ ያስታውሳል። 20 ፈቃደኛ አዋቂዎች በተቋሙ ውስጥ አራት ሳምንት ተቀመጡ። ሁለቱን ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለቱን ሳምንት ብዙ ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባት፣ ጨውና አሰር የተመጣጠነ ሲሆን የፈለጉትን ያህል መብላት ይችሉ ነበር። የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። በሁለት ሳምንትም ክብደታቸው በአማካይ አንድ ኪሎ ግራም ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ጨመረ። ያልተነካካውን ሲበሉ ያንኑ ያህል ቀነሱ።

አራተኛው ኬሚካል ሳይሆን ሕይወት ያለው ጠላት ነው። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ከአብዛኞቹ በተለየ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥም ይራባል። ሳይሞቅ የሚበላ ሳንዱች ደግሞ ለእርሱ ምቹ ነው። በ2017 እና 2018 በደቡብ አፍሪካ የተከሰተው ወረርሽኝ ከአንድ ዓይነት የተቀነባበረ ሥጋ ጋር የተያያዘ ሲሆን ከ1 ሺህ በላይ ሰዎችን አሞ ከ200 በላይ ገድሏል። ከታመሙት ብዙዎቹ ጨቅላ ሕፃናት ነበሩ። በነፍሰ ጡር እናት ላይ ቀላል ጉንፋን መስሎ ሊያልፍ ይችላል። በፅንሱ ላይ ግን ውርጃ ወይም ሞት ሊያስከትል ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሳንዱች ፈጽሞ አይበላ አልልም። ለቸኮለ ሰው የሚቀርብ ምግብ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም በተረኝነት ሌሊት በልቻለሁ። የምመክረው የሚከተለውን ነው።

በመጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ። ግብዓቶች የሚዘረዘሩት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የምትበሉት ምን እንደሆነ ይነግሯችኋል። ሶዲየም ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር በ2.5 ስታባዙት የጨውን መጠን ታገኛላችሁ። ምንም ጽሑፍ የሌለበት፣ መቼ እንደተዘጋጀ የማይታወቅ ሳንዱች ከሆነ አትግዙት።

ሁለተኛ ቅዝቃዜውን ተመልከቱ። ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ማዮኔዝ ያለው ሳንዱች ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባልበለጠ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በመደርደሪያ ላይ ያለ ቅዝቃዜ የተደረደረ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ለሰዓታት በቆመ ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረ ከሆነ ተዉት። ከፍሪጅ ካወጣችሁት በኋላም ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበትን አሽትቶ ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ ሊስቴሪያ ሽታ የለውም።

ሦስተኛ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ቀዝቃዛ የተቀነባበረ ሥጋ ያለበትን ሳንዱች ቢተዉ ይሻላል። ግድ ከሆነ ሥጋው እንፋሎት እስኪወጣው ይሙቅ። አስም ያለባችሁ ሰልፋይት ወይም ከኢ 220 እስከ ኢ 228 ያሉትን ቁጥሮች ፈልጉ።

አራተኛ ልማዱን በሳምንት ከአንድ ቀን ወደማይበልጥ አውርዱት። በቀሩት ቀናት ከቤት የተያዘ ምሳ ይሁን። የስንዴ ገለባው ባልወጣ ዱቄት ዳቦ ላይ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወይም በጾም ቀን አቮካዶ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር፣ ወይም የተረፈ ምስር ለአምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ልጆቻችሁ ምሳ ዕቃ ውስጥ ሶሴጅ በየቀኑ የምታስገቡ ወላጆችም ይህንኑ አስቡበት።

ዶክተር ዊሊ 12 ወጣቶችን ከጠረጴዛ ዙሪያ ሲያስቀምጡ ወጣቶቹ ኬሚካል እንደሚጨመርላቸው አውቀው፣ ፈቅደው ነው የበሉት። ከውጪ ያለው ሕዝብ ግን ያንኑ ሳያውቅና ሳይፈቅድ ይበላ ነበር። ዛሬ እኛ የማወቂያው ጽሑፍ በእጃችን አለ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ሳንዱቹን ከመፍታታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጀርባውን አንዴ አንብቡት።

መልካም ጤንነት!